ድምቢጥ ሰማች የተባለ ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? መነጽርሽ ተቀየረልሽ ወይስ አሁንም ክር በመርፌ ለማስገባት ጎረቤት እየጠራሽ ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ብልሽ ዋሾ እሆናለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ የዋሸሁት ይበቃኛል።

ሦስት ወር ሙሉ መልስ ነሳሽኝ። እህቴን ብጠይቃት፣ ጤናዋ ደህና ነው፣ ስፌቷንም አላቋረጠችም፣ የአንተ ስም ሲነሳ ግን ፊቷን ወደ ስፌት መኪናው ታዞራለች አለችኝ። ያኔ ገባኝ። የዚያን ቀን ቴሌቪዥኑን ከፍተሽ ነበር ማለት ነው። እንደ ወትሮው በስልክ እየተያየን በእጃችን ማውራት እንችል ነበር፤ ግን እጆቼን እንድታያቸው አልፈለግኩም። ለዚህ ነው በወረቀት የመጣሁት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። አዲሱ የከተማው ትምህርት መምሪያ ኃላፊያችን ከመጣ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። ጉቦ አይቀምስም፣ የታመመ ሠራተኛ ይጠይቃል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። እሱ የሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ከንቲባውም፣ ሁለቱ ምክትሎችም የሚያመልኩበት ነው። መጀመሪያ የሰኞ ስብሰባ በጸሎት ተከፈተ። ማንም አልተገደደም፤ ያልፈለገ ይቅር ነው የተባለው። የቀሩት ግን ቀስ በቀስ ከሥልጠናውም ከዕድገቱም ቀሩ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ፣ ያቺ ቀልደኛዋ፣ እዚህ ቤት ማመልከቻ ከማስገባት ንስሐ መግባት ይቀላል ትለን ነበር። ኋላ እሷም ዓይኗን ጨፍና እጇን ወደ ላይ ማንሳት ጀመረች። ምነው ብላት፣ ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ልጆች አሉኝ አለችኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቧንቧ ፈንድቶ ኮሪደሩ ሲጥለቀለቅ እንኳ መጀመሪያ ተጸለየ፣ ከዚያ ነው ቧንቧ ሠራተኛው የተጠራው። እሱ እስከ ጉልበቱ ርሶ ሠርቶ ሲወጣ ምስጋናው ለሌላ ሆነ። ያኔ ስቄያለሁ። ስቆ ማለፍ የሚቻል መስሎኝ ነበር።

ታውቂኛለሽ፣ ከልጅነቴም ማመን አልሆነልኝም። ያንቺን ጸሎት ግን ንቄው አላውቅም። ጠዋት ስፌት ከመጀመርሽ በፊት በጣቶችሽ ቀስ ብለሽ የምትጸልዪው ጸሎት ካንቺና ከአምላክሽ መሃል ወጥቶ ማንንም አይነካም። የመሥሪያ ቤታችን ግን ማኅተም ያለው ጸሎት ነው።

ከዚያ የከተማው የጸሎትና የፈውስ ቀን ታወጀ። ጠሪው ቤተ ክርስቲያኑ፣ አስተባባሪው የእኛ መምሪያ። እኔ በምልክት ቋንቋ እንዳስተረጉም በደብዳቤ ተመደብኩ። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ዐሥራ አንድ ልጆች በእጅ የሚማሩበት አንድ ክፍል ነበር፤ እነሱ ስታዲየም መጥተው ከፊት እንዲቀመጡ ታዘዘ። መምህርታቸው ልጆቼ ትርኢት አይደሉም ብላ እምቢ አለች። ለእሷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ ልጆቹም በወላጆቻቸው በኩል መጡ።

ከልጆቹ አንዷን ድምቢጥ እንላታለን። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ ፍሬ ልጅ ናት፣ እጇ ግን አያርፍም፤ ክፍሉ ሙሉ የሚያወራውን ብቻዋን ታወራዋለች። ሰባኪው አንድ ልጅ አምጡልኝ ሲል እናቷ ቀድማ አቀረበቻት። እኔም ተከትያት መድረክ ወጣሁ። ከኋላችን ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ድምፅ ማጉያዎች ተደርድረዋል። ሰባኪው ጣቶቹን ጆሮዎቿ ውስጥ አድርጎ ጸለየ፣ ገሠጸ፣ ጮኸ፤ ከዚያ ከበሮው ባንዴ ተመታ። የመድረኩ ሳንቃ ተንቀጠቀጠ። ድምቢጥ ደንገጥ ብላ ወደ እግሯ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለችና በእጇ ነገረችኝ። አንቺ አይተሻታልና መተርጎም አያሻሽም። ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ በእግሬ ይሰማኛል ነው ያለችው።

ሰባኪው ማይክራፎኑን አፌ ላይ ደግኖ ምን አለች አለኝ። ኃላፊው ከፊት ረድፍ ቆሞ ያየኛል። እናቷ ተንበርክካ ሁለት እጇን ወደ እኔ ዘርግታለች፤ ወደ ሰባኪው አይደለም እማዬ፣ ወደ እኔ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ይጠብቃል።

"ይሰማኛል አለች" አልኩ።

በቃ፣ ይኸው ነው። የዋጥኩት አንድ ቃል ነው። እኔና አንቺ ስንነጋገር በጆሮ የሚሰማውና በገላ የሚሰማው ለየራሱ ምልክት አለው። የአፍ ቋንቋ ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጥቶ መደበቂያ አበጀልኝ። ስታዲየሙ ተናወጠ። ከቴሌቪዥኑ ግርጌ ቃሉ በትልቁ ሲጻፍ አንቺ የልጅቷን እጅም የእኔን ከንፈርም አንብበሻል። ያን ካየው ሁሉ ሰው መሃል የሆነውን የተረዳችሁት አንቺና፣ እምቢ ብላም ልጆቹን ተከትላ የመጣችው መምህርቷ ብቻ ናችሁ።

ለምን ትይኝ ይሆናል። የሥራ ውሌ የሚታደሰው በዚያው ወር ስለነበር ፈርቼ ነው እላለሁ። ደግሞ እናቲቱ አንጀቴን በልታኝ ነው እላለሁ። ሁለቱንም ለራሴ ስነግረው ከረምኩ፤ አንዱም አላሳረፈኝም።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊው፣ ጌታ ጆሮ እየከፈተ እኛ መስማት ለተሳናቸው ክፍል ይዘን ብንቀጥል ሕዝቡ ምን ይለናል፣ እኛስ ምን ዓይነት አማኞች ነን አለ። አንድ ሽማግሌ የትምህርት ባለሙያ፣ የተፈወሰችው አንዷ ናት፣ ዐሥሩስ ብሎ ጠየቀ። እምነት ይቅደም፣ የቀረው ይከተላል ተባለ። ሽማግሌው ብዕሩን ኪሱ ከተተ። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ስላልነበረች ያዝ ተብዬ ነበርና ክፍሉ ይዘጋ የሚለውን ውሳኔ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጆቹ በየመደበኛው ክፍል ተበተኑ። መምህርቷ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወረች፤ አሁን የተሰበሩ ወንበሮች ትመዘግባለች። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ አትነፍገኝም። ብትነፍገኝ ይሻለኝ ነበር።

ወር ሳይሞላ አላስቻለኝም። ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ይቆጣኛል፣ ያባርረኛል ብዬ ነበር፤ ተመኝቼውም ነበር። ተነስቶ ትከሻዬን ያዘኝና፣ ወንድሜ፣ ጠላት እንዲህ ነው፣ ተአምር ያየን ሰው በጥርጣሬ ያስጨንቀዋል አለኝ። ዋሽቻለሁ እኮ ነው የምልዎት አልኩት። እግዚአብሔር በዋሾም አፍ እውነት ይናገራል፣ ሳታውቀው በትክክል ተርጉመሃል አለኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ከልቡ ጸለየልኝ፤ እንባውንም አየሁት። እንዲህ ካለ ሰው ጋር በምን አፍ ትከራከሪያለሽ? ውሸት ስትነግሪው ተአምር ይለዋል፣ እውነት ስትነግሪው ፈተና። ከመምሪያው በላይ ላለው ትምህርት ቢሮ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ዞሮ ዞሮ መጥቶ እሱው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ውሌ ታደሰ።

ባለፈው ቅዳሜ ድምቢጥ ቤት ሄድኩ። እናቷ የሆቴል አንሶላ እየተኮሰች አገኘኋት። ወንበር ሰጠችኝ፣ መረቀችኝ። እውነቱን ስነግራት ካውያውን አቆመች። ከዚያ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መስክረህልኝ ዛሬ ልትነጥቀኝ መጣህ አለችኝ። ልጄ ትሰማለች፤ እልኸኛ ሆና ነው እንጂ ትሰማለች፤ ስጠራት እያወቀች ነው ዝም የምትለኝ አለች። ላሳይህ ብላ ተነሳች። ድምቢጥ ጀርባዋን ሰጥታን መስኮቱ ሥር ትሥላለች። እናቷ ጠራቻት። ደግማ ጠራቻት። ሦስተኛው ላይ ብስጭት ብላ በእግሯ የጣውላውን ወለል ደበደበችው። ልጅቷ ዞረች።

አየህ አለችኝ። ፊቷ በራ።

እማዬ፣ ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

ለድምቢጥ በእጄ እንዴት ነሽ አልኳት። እናቷን አየች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር ከትታ ተቀመጠችባቸው። የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ በእጅ ማውራት ፈውስን መካድ ነው ብሎናል አለች እናቷ፣ አሁንማ እየለመደች ነው። ልጅቷ እጆቿን ስትከት በሁለቱም አንጓዎቿ ዙሪያ ቀላ ያለ ሰንበር አየሁ። ምንድነው ብዬ አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ልጅሽ ይህ ነው። ይቅር በይኝ ለማለት አልጻፍኩም። የደበደብኩት በር ሁሉ አልተከፈተም፤ ከእንግዲህም የሚከፈት አይመስለኝም። እኔ የማላውቀው፣ አንቺ የምታውቂው አምላክሽ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የዓይንሽን ብርሃን አይንሳሽ፣ ከጣትሽ ሙያ አይለይብሽ። እህቴን ሳሚልኝ።

ዝምታሽ ግን ስለ ድምቢጥ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ በየቢሮው፣ በየሐኪም ቤቱ ሌላው ያለውን የምነግርሽ እኔ ነበርኩ፤ አሁን ያን ሁሉ መልሰሽ እየቆጠርሽ ይሆናል። አባባ ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ የተናገረው ረጅም ነበር። እኔ በእጄ ያልኩሽ አጭር ነበር። ዐሥር ዓመቴ ነበር፣ ዓይንሽም ዓይኔ ላይ ነበር። የቀረውን ማወቅ ከፈለግሽ ጻፊልኝ።

አፍሽ የነበርኩት፣
ልጅሽ