በወሸርቤ የተወለዱት፣ በወልቂጤ የሚያርፉት የአቶ ወልደአማኑኤል ዘርጋ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወልደአማኑኤል ዘርጋ ከአባታቸው ከአቶ ዘርጋ ቸንካና ከእናታቸው ከወይዘሮ አደይ ንዳ ሚያዝያ 14 ቀን 1954 ዓ.ም. ከጉንችሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቀው ወሸርቤ ቀበሌ ተወለዱ። ከአራት ልጆች የመጀመሪያው እሳቸው ነበሩ፤ የመጨረሻዋ ይህን የምጽፈው እኔ ሰርካለም ነኝ። መካከለኞቹ ሁለቱ በሕፃንነታቸው ስላረፉ ያደግነው ወንድሜና እኔ ብቻ ነን።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በጉንችሬ፣ ሁለተኛ ደረጃን በወልቂጤ ተከታተሉ። አባታችን በ1972 ዓ.ም. ሲያርፉ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበሩ። በመምህርነት ሠልጥነው አረቅጥ ከተማ ሲመደቡ እኔን ይዘውኝ ሄዱ። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ስታመም ሌሊቱን ሙሉ ያስታመሙኝ፣ አባት ለልጁ የሚያደርገውን ሁሉ ያደረጉልኝ እሳቸው ናቸው። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውም እውነት ነው።

በ1982 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሐረገወይን ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ናትናኤልን፣ ሊዲያንና ሄኖክን አፈሩ። በ1986 ዓ.ም. ወደ ወልቂጤ ተዛውረው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በማታ ትምህርት በሕግ ዲፕሎማ፣ ኋላም ዲግሪ ተቀብለው እስከ ጡረታቸው በሕግ ረቂቅ ባለሙያነት አገለገሉ። ነጠላ ሰረዝ የጎደለበትን ደብዳቤ ለአለቃቸው እንኳ ይመልሱ እንደነበር ባልደረቦቻቸው ዛሬም ያወራሉ።

በ2012 ዓ.ም. ቀበሌዎች ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላው የሚዛወሩበትን ደንብ የሚያሻሽል ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። የድሮው ደንብ አንድ ቀበሌ የሚዛወረው «ነዋሪዎቹ በድምፅ ሲስማሙ» ነው ይል ነበር። ኮሚቴው ያን አውጥቶ «ነዋሪዎቹ እንዲያውቁት ተደርጎ» የሚል አስገባ። ያኔ በኮሚቴው ውስጥ የነበረችው ወጣት የሕግ ባለሙያ ወይዘሪት ዘይባ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ ሰውን መጠየቅና ለሰው መንገር አንድ ነው እንዴ?» ብላ እንደነበር ኋላ ራሷ ነግራኛለች። ወንድሜም፣ «ልጄ፣ ስንት ፋይል ተከምሮ ነዋሪ እየሰበሰብን ድምፅ ስንቆጥር ልንኖር ነው? ሥራ ይቅለል እንጂ! ማን ክፉ ሊሠራበት ነው?» አሏት። በሸኚ ደብዳቤው ላይ «ጥቃቅን ማሻሻያዎች» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ረቂቁም ጸደቀ።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. በዚያው አንቀጽ ወሸርቤ ከነበረችበት ወረዳ ወጥታ ለጎረቤት ወረዳ ተሰጠች። ነዋሪው እንዲያውቅ የተደረገው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ በተለጠፈ አንድ ወረቀት ነው። ክረምት ስለነበረ ወረቀቱን ሰው ሳያነበው ዝናብ አጠበው።

ጥቅምት 16 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ልጄን ትዕግስትን ምጥ ያዛት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። እኔም ተመልሼ በምኖርባት በወሸርቤ አስተማሪ ነበረች፤ እርግዝናውም የመጀመሪያዋ ነበር። ደም ሲበዛባት ባሏ ነብዩ ወደ ቀድሞው ወረዳ ደውሎ አምቡላንስ ጠየቀ። «እናንተ ከእኛ ወጥታችኋል፤ አምቡላንሱ ያለ ደብዳቤ ከወረዳ አይወጣም» አሉት። ወደ አዲሱ ወረዳ ደወለ። «ስማችሁ ገና አልተላለፈልንም፤ የቀድሞዎቹን ጠይቁ» አሉት። ሁለቱን እያፈራረቀ ሲለምን ሁለት ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ የሰፈሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ጉንችሬ ሐኪም ቤት ሮጡ። እኔ እጇን ይዤ ከጎኗ እሮጥ ነበር። «እማዬ፣ ደረስን?» ትለኝ ነበር፤ እኔም ሳንደርስ «ደርሰናል» እላት ነበር። መንገድ ላይ ያለውን ወንዝ ከመሻገራችን በፊት መጠየቋን ተወች። ልጇም አብሯት ሄደ፤ ወንድ ነበር።

ወንድሜ ለቅሶ መጡ፤ ከማንም በላይ አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ፈቃደ ከወረዳ ያስገለበጡትን ደንብ ይዘው ድንኳን ገቡና ሸኚውን ደብዳቤ በሰው ፊት አነበቡ። ስም አለበት፤ ፊርማም አለበት። አቶ ፈቃደ፣ «ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» አሏቸው። ወንድሜም፣ «የእኔ ነው። ወሸርቤ ላይ ይሠራበታል ብዬ አላሰብኩም» አሉ። አቶ ፈቃደም፣ «ታዲያ ማን ላይ እንዲሠራ ነው የጻፉት?» አሉ። እኔ ወንድሜን እስከዚያ ቀን ድረስ «አንተ» ብያቸው አላውቅም። ያን ቀን፣ «ውጣ» አልኳቸው። ወጡ።

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ዓመታት ከደንቡ ያወጡትን ቃል ለማስመለስ የተመላለሱባቸው ናቸው። ሰኞ ሰኞ በቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ኮሪደር ላይ ማመልከቻ ይዘው ይቀመጡ ነበር። ራሳቸው ያሠለጠኑት ኃላፊ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጥቃቅን ጉዳይ ነው፤ ተራውን ይጠብቃል» ይላቸው ነበር። ወሸርቤም መጥተው ለአቤቱታው ፊርማ ለመኑ። የፈረመላቸው ሰው የለም። የእኔን ደጅ ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ሦስቱንም ጊዜ ቤት ነበርኩ፤ አልከፈትኩም።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደንቡ እንደገና ተሻሽሎ «ነዋሪዎቹ በድምፅ ሲስማሙ» የሚለው ተመለሰ። ናትናኤል ወረቀቱን ሆስፒታል ወስዶ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። የመጨረሻው አንቀጽ፣ «ከዚህ ማሻሻያ በፊት የተዛወሩ ቀበሌዎች ባሉበት ይጸናሉ» ይላል። ወረቀቱን አስቀምጠው፣ «ሰርካለምን ጥሩልኝ» አሉ።

ሄድኩ። በጣም ከስተው ነበር። «ሰርኬ፣ ቃሉን አስመለስኩት» አሉኝ። እኔም፣ «ትዕግስትንስ?» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሊዲያ እያለቀሰች፣ «እቴቴ፣ ምናለ ዝም ብትይው?» አለችኝ። ምንም አልነበረውም፤ ዝም ማለት እችል ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በአባታቸው መቃብር አጠገብ እንዲቀበሩ ተናዝዘው ስለነበር ናትናኤል የዚያኑ ዕለት ወሸርቤ ድረስ ሄዶ እድሩን ለመነ። አቶ ፈቃደ፣ «እኔ ብቻዬን አልወስንም፤ ነዋሪው ድምፅ ይስጥ» አሉ። ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰብን። «ይቀበሩ» ለሚለው አሥራ አንድ እጅ ተነሣ። «አይቀበሩ» ሲባል የተነሣውን መቁጠር አላስፈለገም። ከተነሡት እጆች አንዱ የእኔ ነበር። ናትናኤል አየኝ።

ማታ ወልቂጤ ለቅሶ ቤት ስደርስ ወይዘሮ ሐረገወይን ወረቀትና እስክርቢቶ ሰጡኝና፣ «ካላስቀበርሽው ጻፊለት። ከአንቺ በላይ የሚያውቀው የለም» አሉኝ። ስለዚህ ጻፍኩ።

አቶ ወልደአማኑኤል ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እኅታቸውን ትተው ሄደዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ዓርብ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዳጅ ዘመድ በተገኘበት በወልቂጤ ይፈጸማል።

አምላክ ሆይ፣ ወንድሜን ተቀበላቸው። ይቅር በላቸው። እኔ አልቻልኩም።