ከአድባሩ ደን የማይወጣ ፍሬ

ዳፕሊን ወዳጄ፣

በአድባሩ ደን ከዘሯ የቀረችው ያቺ አንዲት የኦክ ዛፍ ውስጧ በስብሷል፤ የምትጥለውን ፍሬ አይጥ ይጨርሰዋል። እናንተ ሰፈር ብትሆን ዘሯ በየጓሮው ይተከል ነበር። እዚህ ግን ከአድባሩ ደን ቅጠል እንኳ አይወጣም፤ ጠባቂውን ሽማግሌ ባህ ኪትቦክን ለእናትሽ ጓሮ አንድ ፍሬ ብለምናቸው እንቢ አሉኝ። ተሰናብቻቸው፣ ደጃቸው ላይ ያወለቅኩትን ጫማ የደኑ አልቅት እንዳይኖርበት ሳራግፈው አንድ ፍሬ ድንጋዩ ላይ ዱብ አለ። ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ።

«ምነው ልጄ፣ ዝም ብለሽ ብታጠልቂው ምን ነበረበት?» አሉኝ ቀስ ብለው። «አሁንማ አየሁት።»

አንስተው ወደ ደኑ መለሱት። ማን እንደከተተው አልጠየቅኩም።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ለፍሬው ብለው በቆፈሩት ጉድጓድ ድንች ይትከሉበት።

ባንሪ