ንጉሡ ራሱ የመጣላት እመቤት

ጃንዋሪ 12፣ ሰኞ

ነፋስ። ጀልባ አልወጣም። ባሌ አያሺ ቀኑን ሙሉ ቤት ዋለ… ከነፋሱ የሚብሰው እሱ ነው። መረቡን ሳሎን ሙሉ ዘርግቶ ሲጠግን፣ እኛ በግድግዳው ጥግ ጥግ ስናልፍ ዋልን። «ሴትዮ፣ ሻይ።» «ሴትዮ፣ መርፌዋን አይተሻል?» መርፌዋ በጥርሱ እንደተነከሰች ነበረች።

መምህርት ሉብና «በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ፤ ማንም አያየውም» ብላናለች። በሃምሳ ዓመቴ ፊደል መቁጠር ጀምሬ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ። ግን ምን ይጻፋል? የባቄላ ሾርባ ሠራሁ። ጨው በዛበት። ማንም ምንም አላለም፤ እኔም ዝም።

ዕቃ ስናጥብ ኑሃይላ «እማ፣ አባን ላናግረው ነው» አለችኝ። ስለ ምን? «ስለ ባሕር።» አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ የሰው ልጅ ስለ ባል ያወራል…

ጃንዋሪ 15፣ ሐሙስ

ነገረችው። የመርከብና የጀልባ አዛዦች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት አለ፤ ሴትም ይቀበላል፤ ምዝገባው በበጋ ነው፤ ውጤቷም ይበቃል። አያሺ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። ከዚያ ዳቦውንም ተወው።

«ባሕር የሴት ቦታ አይደለም። አበቃ።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ነገር ሲከር ሁልጊዜ ሻይ እቀዳለሁ። ለምን?

ጃንዋሪ 22፣ ሐሙስ

ዛሬ ክፍል ውስጥ ሳቅ ብቻ። መምህርት ሉብና ለማርች 8 የድሮ ታላላቅ ሴቶችን በመድረክ እናሳያለን አለች። እኛ። በወጣቶች አዳራሽ፣ ሰው ፊት።

ሮቂያ ከሁላችን ታላቅ ናት፤ «ላላ»፣ እመቤት፣ ብለን ነው የምንጠራት። የፌዝ ከተማዋ ፋጢማ አል-ፊህሪ ደረሰቻት። ያቺ ከአባቷ የወረሰችውን ሀብት አውጥታ መስጊድ ያሠራችው፤ መስጊዱም የዓለም ሊቅ ሁሉ የተማረበት ቦታ የሆነው። ላላ ሮቂያ ሰምታ ሰምታ «እኔ ከአባቴ የወረስኩት የጉልበት ሕመም ነው፤ ምን ላሠራበት?» አለች። ልብስ ሰፊዋ መናና የአሌፖዋን ሴት ሆነች፤ ያ ከዋክብት የሚለካበትን የናስ መሣሪያ የምትሠራዋን። የአውራስ ተራራዋን ንግሥት ድህያን ማንም አልፈለጋት፤ መጨረሻ ላይ በጦርነት ትሞታለቻ። ዳቦ ጋጋሪዋ ሹሚሻ ጥቂት አሰበችና «ሰይፍ አላት?» ብላ ጠየቀች። አላት። «እንግዲያው የእኔ ናት።»

ለእኔ የቴቱዋኗ ሰይዳ አል-ሑራ። ነጻዪቱ እመቤት። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ቴቱዋንን የገዛች፣ መርከቦች ያሰማራች። እኔን ለምን? ብል፣ መናና ቀደመቻት። «ባልሽን ከዳርቻው ስትጠሪው ስፔን ድረስ ይሰማላ።»

ቴቱዋን እኮ ከዚህ ከማርቲል አንድ እርምጃ ናት። ሽንኩርት ስገዛ፣ ሐኪም ቤት ስሄድ፣ ስንት ጊዜ በቅጥሯ ሥር አልፌያለሁ። ጎረቤቴ ሆና ሳላውቃት አረጀሁ…

ጃንዋሪ 23፣ ዓርብ

ለአያሺ ነገርኩት። «ሴት? መርከብ?» አለ። አዎ። «እሺ፣ ራሷ መርከቡ ላይ ወጥታ ነው ወይስ ቤቷ ተቀምጣ ነው ያዘዘችው?»

አላውቅም። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። ተናደድኩ።

ፌብሩዋሪ 3፣ ማክሰኞ

ልምምድ። ሹሚሻ ዳቦ ከምድጃ የምታወጣበትን ረጅም እንጨት ሰይፍ አድርጋ መጋረጃውን ቀደደችው። መናና እዚያው እየሰፋች «ጠላት ወዲህ ነው፣ ወዲህ!» ትላታለች።

የአያሺን ጥያቄ ለመምህርቷ አቀረብኩ። «ስለ እሷ የተጻፈው ጥቂት ነው፤ መርከብ ላይ ትውጣ አትውጣ እኔም አላውቅም» አለችኝ። አላውቅም ማለቷ ደስ አለኝ። ቀጥላ ግን የሚታወቀውን ነገረችን። የሞሮኮው ንጉሥ ሊያገባት ጠየቃት። እሺ አለች፤ ግን ወደ ፌዝ አልሄደችም። ንጉሡ ራሱ ከነአጀቡ ተነሥቶ ቴቱዋን ድረስ መጣላት።

ቀጥሎ ላላ ሮቂያ «እኔ በበቅሎ ነው የወሰዱኝ። ማንም አልጠየቀኝም፣ በቅሎዋም አልተጠየቀችም» አለች። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ንጉሡን ሳዒዲያ ትጫወተዋለች፤ ቁመቷ የወንድ ነው። በኩል ጢም ሳልንላት።

እራት ላይ ለአያሺ ነገርኩት። ማኘኩን አቆመ።

«ንጉሡ ራሱ መጣ?»

«መጣ።»

«ከነጓዙ?»

«ከነጓዙ።»

«ምን ዓይነት ንጉሥ ነው ይሄ…» ሰርዲኑን ጨረሰ፤ አጥንቱን በሳህኑ ዳር ደረደረ። ቆይቶ ደግሞ፦ «ቆንጆ ነበረች እንዴ?»

አልተጻፈም አልኩት።

ፌብሩዋሪ 11፣ ረቡዕ

ከኑሃይላ ጋር የባሕሩ ዳር ላይ ቃሌን አጠናሁ። እሷ ታነባለች፣ እኔ እደግማለሁ። «መርከቦቼ ያለ ፈቃዴ አይነሡም!» ስል የባሕር ወፎቹ ተነሡ። ልጄ ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ።

ከዚያ አሸዋውን እያየች «እማ፣ እሷን ሆነሽ ስትናገሪ ሁሉም ይሰማሻል። ራስሽን፣ ርሒሙን ሆነሽ ግን…» አለችና ተወችው።

አልቆጣኋትም። ምን ብዬ? እውነቷን ነው።

ፌብሩዋሪ 13፣ ዓርብ

ተናገርኩ።

ኩስኩሱን አቀረብኩ፤ ሻይ ግን አልቀዳሁም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ «ልጅቷ ትሂድ» አልኩ።

አያሺ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ማን ናት ይህን ያለችው? ያቺ የቴቱዋን እመቤትሽ?»

«አይደለችም። ርሒሙ ናት።»

ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ቀስ ብሎ «ወንድሜን ድሪስን ከመረብ ያወጣሁት በእነዚህ እጆቼ ነው» አለ። «ድሪስን ለባሕር ሰጥቼዋለሁ። አሁን ደግሞ ልጄን ልስጠው?»

ኩራት መስሎኝ ነበር… ይህን ሁሉ ጊዜ ኩራት መስሎኝ። ፍርሃት ነው እንዴ? ግን አፌ አንዴ ተከፍቷል።

«እኔስ? አንተን በየማለዳው ለባሕር እየሰጠሁ አይደል የኖርኩት? ነፋስ በነፈሰ ቁጥር በር ላይ የምቆመው ማን ነው? አንድ ቀን ‹ርሒሙ፣ ልሂድ ወይ?› ብለኸኛል?»

ኑሃይላ አንገቷን ደፍታለች። እሱ ተነሥቶ ወጣ። ኩስኩሱ ቀዘቀዘ። ደስ ብሎኛል መሰለኝ። እንዴት ደስ ይለኛል?

ፌብሩዋሪ 20፣ ዓርብ

ሳምንቱን «ደህና አደርሽ»፣ «ደህና ዋልክ» ብቻ። ዛሬ ከገበያ ስመለስ ወጥ ቤት ዓሣ አገኘሁ። ተልጦ፣ ሆዱ ወጥቶ፣ ታጥቦ። አያሺ ራሱ። ቅርፊቱ ጣራው ላይ ሁሉ ተለጥፏል፤ እንዴት እንደደረሰ እንጃ።

ጠበስኩት።

ማርች 7፣ ቅዳሜ

ጉድ። የሳዒዲያ ልጅ ታንጀር ምጥ ያዛት፤ ሳዒዲያ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደች። ንጉሥ የለንም።

ሹሚሻ እኔ ሁለቱንም ልሁን አለች። «አንቺማ ሙሽራዪቱን ትፈልጫታለሽ» ተባለች። መምህርት ሉብና «ግድ የለም፤ የንጉሡን መምጣት እኔ በቃል እተርከዋለሁ፤ ላላ ርሒሙ ወንበሯ ላይ ትቀመጥ» አለች። መናና ግን «የንጉሥ እጥረት? በየቤቱ አንድ አንድ ተጎልቶ አይደል?» እያለች ወጣች። ምን አስባ እንደሆነ…

ማርች 8፣ እሑድ

በሥርዓት ልጻፈው። እንዳልረሳው።

አዳራሹ ሞላ፤ ልጆች መስኮት ላይ ወጡ። የለበስኩት የመናናን አረንጓዴ ካፍታን ነው፤ ወገቡ ጠብቦኝ ትንፋሼን በቁጠባ ነበር የማወጣው። አያሺ ይምጣ አይምጣ አላውቅም፤ አልጠየቅኩትም።

ላላ ሮቂያ «የወረስኩትን ሁሉ ለዕውቀት ሰጠሁ» ስትል ድምፏ ተሰበረ። በልምምድ እንዲህ ሆና አታውቅም። ስሟን መጻፍ የቻለችው አምና ነው… ጉልበቷ ይዟት ሲደግፏት ሰዉ በአክብሮት ተነሣላት። መናና በናስ ትሪዋ ከዋክብቱን ለካች፤ የጠፉ መንገደኞችን ሁሉ ቤታቸው መለሰች። ሹሚሻ በሰይፏ ስትዋጋ አዳራሹ አበደ። መሞቻዋ ደረሰ፤ ወደቀች። ጭብጨባው አላቆመም፤ ተነሣችና እንደገና ተዋጋች። መምህርት ሉብና ከመጋረጃው ጀርባ «ሙቺ እንጂ፣ ሹሚሻ» ትላታለች። ወይ ፍንክች።

ከዚያ እኔ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። «መርከቦቼ ያለ ፈቃዴ አይነሡም» አልኩ። ኋላ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ድረስ ተሰማ።

መምህርቷ መተረክ ጀመረች። «ንጉሡም ሰዎቹን አስከትሎ ከፌዝ ተነሣ። ወደ እመቤቲቱም መጣ…»

ከኋላ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። አያሺ ተነሥቶ ቆሟል። የበዓል ረጅም ቀሚሱን፣ ጀላባውን ለብሶ፣ ከሥር የጀልባ ቦቲውን። መናና ከጀርባው ትገፋዋለች። በወንበሮቹ መሐል መጣ… ቀስ እያለ፣ ጀልባ ላይ እንደሚራመድ ግራ ቀኝ እያለ። «ንጉሡ ሰርዲን ሰርዲን ይሸታል» አለ አንዱ፤ አዳራሹ ፈነዳ። እሱ አልሳቀም። ፊቱ ቀልቷል።

ፊቴ ቆመ። ቃል አያውቅም፤ ማንም አላስጠናውም። የእኔ ቃል ግን አለ፤ ጠየቅኩት።

«ምን ፈልገህ መጣህ?»

ቆቡን አወለቀ። ቆቡን ለማንም አውልቆ አያውቅም።

«ልጅቷ ትሂድ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

አዳራሹ አልገባውም። መጋረጃው ጋ የቆመችው ኑሃይላ ግን አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ቀሪውን ቃሌን ሁሉ ረሳሁት። መቼም እመቤት ነኝና የሆነ ነገር ማለት አለብኝ። «ሰምተናል» አልኩ።

እንዴት አጨበጨቡ። የተውኔቱ ክፍል መሰላቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ «መናና ናት በግድ የገፋችኝ» ይላል። እስከ ወንበሬ ድረስም ገፋችህ? አልኩት። «ዝም በይ፣ ሴትዮ» አለኝ። እጄን ግን አልለቀቀም፤ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየ።

ማርች 9፣ ሰኞ

ድምፄ ጨርሶ ተዘጋ። አያሺ የዘንድሮው ታላቅ ዜና ነው እያለ ለጎረቤት ያወራል።

ጁን 14፣ እሑድ

ኑሃይላን ይዟት ወጣ። «ትምህርት ቤቱን ከማየቷ በፊት የእኔን ጀልባ ትየው» ብሎ። ሁለቱም ሄደው በር ላይ ቀረሁ። ሁለት ሆነው ሲሄዱ ፍርሃቱ እጥፍ ይሆናል? ሆነ። ግን በዚህኛው ላይ ተጠይቄያለሁ። ማለዳ ጫማውን እያሰረ «ርሒሙ፣ ልንሄድ ነው፤ እንሂድ ወይ?» አለኝ። ሂዱ አልኩ።

ሲመለሱ ፊቷ እንደ ሎሚ። ስታስመልስ ነው የዋለችው። አያሺ ለወደቡ ሁሉ ይናገራል። «እኔንም በመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ነበር ያደረገኝ! የእኔ ደም ናት!» እንዲህ የኮራበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሴፕቴምበር 14፣ ሰኞ

ሄደች። አውቶቡሱ ላይ እስክትወጣ «ሞተሩን በጆሮሽ ስሚው፤ መጽሐፉ የሚለውን ኋላ» እያለ ሲመክራት ነበር። አለቀሰ። ነፋስ ነው አለ። ነፋስ አልነበረም።

ኦክቶበር 8፣ ሐሙስ

ኑሃይላ በስልክ መልእክት ላከች። የባሕር ካርታ ማንበብ ጀምረዋል፤ በክፍሉ ሴቶች ሦስት ናቸው፤ ምግቡ አይረባም፤ ቅዳሜ እመጣለሁ። አነበብኩለት። «እንደገና» አለ። አነበብኩለት። ስልኩን ተቀብሎ አቀረበው፣ አራቀው። ለእሱ የጉንዳን መንገድ ነው።

«ስሟ የቱ ጋ ነው?»

አሳየሁት። ከዚያ እርሳስ አመጣሁና የስሟን የመጀመሪያ የዐረብኛ ፊደል በትልቁ ጻፍኩለት። ኑን። ከላይ ክፍት የሆነች ጎድጓዳ፣ ከበላይዋ አንዲት ነጥብ።

ለረጅም ጊዜ አያት። «ይቺ እኮ ጀልባ ናት።»

ነች አልኩ። እኔ ግን ሦስት ዓመት ስጽፋት አላየኋትም።

«ነጥቧስ?»

ሳልመልስለት «እሷማ ልጄ ናት» አለ ራሱ።

እርሳሱን እንደ መቅዘፊያ ጨብጦ ጻፈ። ጠመመችበት። ደገማት። ምላሱ በጥርሶቹ መሐል ወጥቷል። አራተኛዋ ቀጥ ብላ ወጣች፣ የምትንሳፈፍ ጀልባ። ግን ባዶ ናት።

«ነጥቧን ረሳሃት» አልኩት።

«አልረሳኋትም» አለ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ እየከተተ። «ቅዳሜ ስትመጣ አደርጋታለሁ።»