እጄን ፎንት ነው አሉት

ጥቅምት 14 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለምወድህ፣ ዛሬ ግን ለተናደድኩብህ የበኩር ልጄ፤

እንዴት ነህ? ሥራው እንዴት ነው? በደንብ ትበላለህ? እኛ ደህና ነን። ጽሕፈቱ የእናትህ መሆኑን እንዳየኸው ታውቀዋለህ። መነጽሬ የት እንደገባ እንጃ፣ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ስልክ ላይ ስናደድ ጆሮህ ላይ እዘጋለሁ፤ ወረቀት ግን አይዘጋም፣ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

ከግሩፑ አባረሩኝ። አዎ፣ አንተው ራስህ ስልኬ ላይ ካስገባህልኝ ከታፔላ ጸሐፊዎች ግሩፕ። አራት ዓመት ሙሉ ሱቁን ሳልከፍት በፊት የማየው እሱን ነበር። የማላውቀው አገር ያለ ሰው ቀለም በጥብጦ፣ ፎቶ አንስቶ፣ "ጋሽ ብሩሽ፣ ይሄ ቀይ ፀሐይ ይችላል?" ይለኛል። እኔም "አይችልም፣ በሁለት ወር ሮዝ ይሆንብሃል" እለዋለሁ። ባነር ማተሚያው ከመጣ ወዲህ ሱቄ የሚገባው ሰው ፎቶ ኮፒ የት እንዳለ የሚጠይቅ ብቻ ነው። እዚያ ግን አራት ሺህ ሰው ይሰማኝ ነበር።

ባለፈው ረቡዕ ለመድኃኒት ቤቱ የሠራሁትን ታፔላ ለጠፍኩ። ሦስት መቶ ላይክ! "እጅዎ ይባረክ"፣ "ይሄ ነው ሙያ" ይሉኛል። ይሄኔ አድሚኑ መጣ። ጢሙን ገና አሁን የጀመረው፣ ብሩሽ አጥቦ የማያውቅ ልጅ! "ጋሼ ይቅርታ፣ ይሄ በእጅ የተጻፈ አይደለም። 'ሰፈር' የሚባለው ፎንት ነው" አለኝ። ፎንቱን አምጥቶ ታፔላዬ ፎቶ ላይ ደረበው። ልክክ አለ! በሰው ፊት ዓይኔ እያየ ልክክ አለ። የግሩፑ ሕግ ከእጅ ጽሕፈት ሌላ አይለጠፍም ስለሚል፣ "እስከ እሁድ ሲጽፉ የሚያሳይ ቪዲዮ ይላኩልን" ብሎ ቀን ቆረጠልኝ። ደሜ ፈላ። ሽንጤን ገትሬ ተሟገትኩ። "አንተ ሳትወለድ ብሩሽ የያዝኩ ሰው ነኝ" አልኩት። እሁድ አለፈና አስወጡኝ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ልትሄድ ስትል ወፍራም ወረቀት አምጥተህ፣ "አባዬ፣ ከሀ እስከ ፐ ጻፍልኝ፣ ማስታወሻ ይሆነኛል" አልከኝ። አሥራ አንድ ቀን ጻፍኩ። አንዷ ፊደል ስትበላሽ ቅጠሉን በሙሉ እቀድ ነበር። ግድግዳህ ላይ ትሰቅለዋለህ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። አንተ ግን ኮምፒዩተር ውስጥ ከተትከውና ለዓለም በነፃ በተንከው። ስሙንም "ሰፈር" አልከው። ለመሆኑ አሥራ አንድ ቀን ወገቡን የታመመው ሰፈሩ ነው?

ደግሞስ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ዓምና ፀጉር ቤቱ በር ላይ የራሴን ጽሕፈት ሳይ ክው አልኩ። ለፀጉር አስተካካዩ ጽፌ አላውቅም። "ይሄን መቼ ነው የጻፍኩልህ?" ብለው፣ "ኧረ አባቴ፣ ከኢንተርኔት ነው" ብሎ ሳቀብኝ። አእምሮዬ ሊሄድ ነው ብዬ ለእናትህ ነገርኳት፣ ሁለት ቀን አለቀሰች። (አንድ ቀን ነው ያለቀስኩት። እናትህ ነኝ።) ደውለን ስንጠይቅህ "ሰርፕራይዝ ላደርግህ አስቤ፣ ከዚያ ረሳሁት" አልክ። ረሳሁት! ወይ አንተ ልጅ!

አርብ ዕለትም "አባዬ፣ ቴክኖሎጂም እኮ ጥበብ ነው፣ መቶ ሺህ ሰው አውርዶታል" ስትለኝ ጮኼብህ ዘጋሁት። ጥበብ አይደለም አላልኩም። ጎረቤት ማተሚያ ቤት ሄጄ፣ አንዷን ፊደል ስክሪኑን እስክትሞላ አስተልቄ አይቻታለሁ። ቀለም ሲያልቅብኝ "ለ" እግር ሥር የምትቀር ትንሽ ጭረት አለች፤ ሌላ ሰው ቢሆን ያጠፋት ነበር። አንተ ትተሃታል። በስንት ሌሊት እንደሠራኸው ያኔ ገባኝ። ቢሆንም ንዴቴ አልበረደም፣ እንዲያው ለእውነቱ ብዬ ነው የነገርኩህ።

በዚያው ስልክ "ፎንቱ ከአባቴ እጅ የተቀዳ ነው ብዬ ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ፣ አንተ ቪዲዮውን ብቻ ላክ" ብለኸኝ ነበር። እምቢ ያልኩት ኩራት ይዞኝ መሰለህ አይደል? እናትህ ብዕሯን አስቀምጣ "አሁን ካልነገርከው ሌላ አልጽፍም" ብላኛለች። እሺ፣ ልናገር።

መነጽሬ አልጠፋም። ዓይኔ ላይ ነው።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ስም አወጣለት፣ ኪኒንም ሰጠኝ። ያርፋል፣ ይመለሳል። ለአንተ አትንገሪ ያልኳት እኔ ነኝ፣ እሷን እንዳትቆጣ። ባለ መድኃኒት ቤቱ መጥቶ "ለአባቴ በጻፉለት እጅ ይጻፉልኝ" ሲለኝ አልችልም ማለት አቃተኝ። ማተሚያ ቤቱ በ"ሰፈር" አተመልኝ። ወረቀቱን በመርፌ በስቼ፣ ሰሌዳው ላይ ለጥፌ በቀዳዳዎቹ የጠመኔ ዱቄት ነስንሼ፣ ቀኝ እጄን በግራዬ ጨብጬ በምልክቱ ላይ ቀለሙን ሞላሁ። ድሮ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ስለዚህ ልጁ ልክ ነው። በአራት ሺህ ሰው ፊት የሰደብኩት ልጅ ልክ ነው፣ ከሁሉ የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። ፎንት ገልብጫለሁ። ከማን ሰረቅህ ቢሉኝ ከራሴ ከማለት ሌላ መልስ የለኝም፣ እሱ ደግሞ ለሰው ቢያወሩት የሚታመን ነገር አይደለም።

ስለ እኔ አትጻፍላቸው። ውሸት ባይሆንም ግማሽ እውነት ነው፣ በግማሽ እውነት ተመልሼ አልገባም። ይቅርታውን ለልጁ ራሴ እልክለታለሁ።

እኔን ብለህ ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ። ጤናህን ይስጥህ፣ የያዝከው ይባረክልህ፣ ካንተ የባሰ ልጅ ይስጥህና ታየዋለህ። እናትህ ሳምልኝ ብላለች።

አርብ ዕለት "ያንን ፎንት ዛሬውኑ አጥፋው" ብዬ ጮኼብህ ነበር። አደራህን እንዳታጠፋው ልጄ፣ ሌላ እጅ የለኝም።

አባትህ