ከጉና ሥር የመጣችው ሽንኩርት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ዛሬም አራት ሽንኩርት ወድቀው አገኘሁ። ቅጠሉ ቢጫ፣ ሥሩ የበሰበሰ፣ ሽታው ክፉ። አባባ አንዷን ነቅለው በጣታቸው ጨመቋት፤ ውሃ አወጣች። እጃቸውን በሣሩ ጠርገው ገቡ።

የባሌ የአስማማው አባት ናቸው። እሱ ካረፈ በኋላ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ብዬ ከጉና ተራራ ሥር ሐይቁ አቅራቢያ ወዳለችው ሰባታሚት አመጣኋቸው። የያዙት ጋቢያቸውንና አንድ ቋጠሮ ዘር ሽንኩርት ብቻ ነበር። ትንሽ፣ ውርጭ የማይገድላት ዓይነት። ሟች ሚስታቸው ያቆየቻት ናት። አገር ቤት የቀረ ዘር የለም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ከፋብሪካ ስመለስ ሌላ ዘጠኝ። አባባ ምሳ አልበሉም። የሐይቅ ዳር መሬት አልተቀበላትም አሉ። ስለ ራሳቸው የሚናገሩ መሰለኝ።

አብራኝ የምትሠራ አትክልት የምታውቅ ሴት አለች። በየጠዋቱ እንደማጠጣት ስነግራት ደነገጠች። በዚህ ጥቁር አፈር በሳምንት አንዴ ይበቃታል አለችኝ። አባባ ማጠጣቱን የረሱት መስሎኝ ነበር የጀመርሁት።

እኔ ነኝ የገደልኋት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

አልነገርኋቸውም። ማጠጣቱን ብቻ ተውሁ።

ለወንድማቸው ልጅ ሲደውሉ ሰማሁ። መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ የቤቱ ጣሪያ ደህና ነው ወይ ይላሉ። ሊሄዱ ነው። እዚያ ማን አላቸው?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ነገርኋቸው። የሽንኩርቱ መደብ ዳር ቁጭ ብለው ነበር። በየጠዋቱ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ ያበሰበስኋትም እኔ ነኝ አልሁ።

«እኔም ማታ ማታ አጠጣት ነበር» አሉ። «ደክመሽ ስለምትገቢ የተውሻት መስሎኝ።»

አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«አስማማው ቢኖር በሁለታችንም ይስቅ ነበር» አሉ።

ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔም አለቀስሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ፈቃድ ጠይቄ ከሥራ ቀረሁ። ሁሉንም ነቅለን ለየን። ከዚያ ሁሉ ደህናዋ አሥራ አንድ ፍሬ ናት። አፈሩን ከአሸዋና ከአመድ ጋር ቀላቅለን መደቡን ከፍ አደረግነው። አባባ ተከሉ፣ እኔ አፈር አለበስሁ። ውሃ የምናጠጣው እሑድ፣ ሁለታችንም ባለንበት ነው።

ትጽደቅ አትጽደቅ አላውቅም። ሁለቱን ስነካቸው ለስለስ ብለውብኛል፤ ዝም አልሁ።

እጃችንን ስንታጠብ መቼ ሊሄዱ እንዳሰቡ ጠየቅኋቸው።

«ቅጠል ታውጣና እናያለን» አሉ።