ለጊዜው የተከፈቱት ፖርቶች

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ፊራኦል፣

እንደምን ከርመሃል? ሰርክአዲስ እንዴት ናት? ልጃችሁስ ጥርስ አበቀለ? የዶሃ ሙቀት በረድ አለላችሁ? እዚህ ብርዱ ከእንጦጦ እየወረደ የአባባን ጉልበት ያዘው እንጂ ጤናስ ደህና ነን። ሌላው ግን ደህና አይደለም። በስልክ እንዳልነግርህ እማዬ ከአጠገቤ አትጠፋም፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደዚያው በሚመለሰው በጎረቤታችን በጁነይድ እጅ ላክሁት። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

የእትዬ ዘቢደርን ማረፍ እማዬ ነግራሃለች። እሷ ገበያ ስትውል አዝለው ያሳደጉህ ሴትዮ እንዴት እንደሞቱ ግን አልነገረችህም፤ አታውቅማ። ወድቀው ራሳቸውን ተመቱና ማታ እኛ ምርመራ ማዕከል፣ አንተ ትሠራበት በነበረው፣ እኔም አሁን እንግዳ በምቀበልበት ቤት፣ የጭንቅላት ምስል ተነሡ። ሌሊት መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። ጠዋት ምስሎቹ የሚቀመጡባቸው ሰርቨሮች ቢነሡም ምስሉ አልከፈት አለ። አንተ ታውቀዋለህ፣ አንዱ ምስል ሦስቱ ሰርቨሮች ላይ ተከፋፍሎ ነው የሚቀመጠው፤ እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸውን ፖርቶች፣ እነዚያን በሮች፣ ጠባቂው ፋየርዎል ዘግቷቸዋል። ሐኪሙ ምስሉን ሳላይ አልነካቸውም አለ። ምስሉን እንደገና ሊያስነሷቸው ሌላ ምርመራ ቤት ሲወስዷቸው መገናኛ ሳይደርሱ አረፉ። የካ ሚካኤል ቀበርናቸው።

የማዕከሉ ባለቤት ዱጋሳን አሳሰረው። ደመወዝ አልጨመርክልኝም ብሎ ሆን ብሎ ነው ፖርቶቹን የዘጋው ይላል። ዱጋሳን፣ አንተ ራስህ አስተምረህ በቦታህ የተካኸውን! ስንቅ ሳደርስለት ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ብዬ ያዝኩት። እያቅማማ ነገረኝ። ፖርቶቹን የከፈትካቸው አንተ ነህ፤ ግን ለጊዜው ብቻ ነው፣ በቋሚነት አልመዘገብካቸውም። ከሄድክ ወዲህ ሰርቨሮቹ ጠፍተው ስለማያውቁ ማንም ልብ አላለውም። ያን ሌሊት ጠፍተው ሲነሡ ፋየርዎሉ ራሱ ወደ ድሮው ተመልሶ ዘጋ።

እማዬ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ስትልህ ትስቅ ነበር። ቪዛህ የመጣ ሳምንት እኮ እግርህ መሬት አይነካም ነበር። አንጀቴ እርር ብሏል፣ ወንድሜ። የምሰድበው ሰው አጥቼ ብቻዬን እየተነጫነጭኩ እውላለሁ።

ዱጋሳን ታዲያ ለመርማሪው ለምን አትነግረውም ስለው፣ “ያስተማረኝን ሰው በሞት አላስጠይቅም” አለኝ። ሚስቱ ናዝሬት ወሯ ገብቷል። እኔ ብናገር ከእሱ የሰማችው ወሬ ነው የሚሉት። ያደረግከውን በእጅህ ጽፈህ፣ ፈርመህ ላክ። ስምህ ይነሣል፤ ምናልባትም አገርህ ስትገባ ትጠየቅበታለህ። አውቃለሁ፣ ከባድ ነው። ግን ላክ።

አባባ ይመርቅሃል። እማዬ በሶ ልካልሃለች፤ ለእትዬ ዘቢደር ነፍስ ጸልይ ብላለች። ናዝሬትም ሰላም ብላሃለች፤ እሷ የፖርቶቹን ነገር ገና አታውቅም። ዱጋሳ ደግሞ ስንቁን ተቀብሎኝ ሲመለስ ጠራኝና፣ “ጋሼ ፊራኦልን ሰላም በይልኝ፤ እንዳይጨነቅ” አለኝ።

እህትህ ዳርቱ ዱቤ
የካ አባዶ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.