ጉልበት የሚደርሰው ደፍ

ለእህትዓለም፣ ለታላቄ፣ ይህ ወረቀት በሰላም እጅሽ ይግባ።

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም የሆቴሉን አንሶላ ስትጠመዝዢ ነው የምትውዪው? ወፈር ያለ ካፖርት ግዢ፤ እዚያ ብርዱ አይጣል ነው ይላሉ። እማዬ ሰላም ብላሻለች። እኔም አለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ «እኛ በጣም ደህና ነን» ብዬ አልፍ ነበር፤ ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ።

ሦስቴ ደውለሽ አባዬን አቅርቡልኝ ብለሻል። ጉሮሮውን አሞት ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ። የጫማውንም ቁጥር ጠይቀሽኝ ወሬ ቀየርኩብሽ። እንዳትቀየሚኝ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ አጠገብሽ ሰው ካለ ጥሩ ነው።

ወንዛችንን ታውቂዋለሽ። በልጅነታችን ሰፈር ውስጥ የገባው አንዴ ነው፤ እሱንም እንደ ተረት ስናወራው አደግን። አሁን በዓመት ሁለቴ ይገባል፤ ዝናቡም ወሩን ረስቷል። ሰዎች ከቢሮ መጥተው ከአየሩ ለውጥ ጋር ተላመዱ አሉን፤ ሁለት ቀን አሠልጥነውን፣ የቤታችሁን ወለል በአንድ ክንድ ከፍ አድርጉ ብለው ሄዱ። ተላመድን። ለኔ ለግንበኛው ሥራ ሞላልኝ፤ ዕቃ ማውጣት፣ ክፍሉን በድንጋይና በአፈር መሙላት፣ መጠቅጠቅ፣ ሲሚንቶ ማልበስ። የጎረቤታችንን የጡረተኛውን መምህር ቤት ከነግቢው ከፍ አደረግኩት። ጣሪያው ግን እዚያው ነው፤ መምህሩ ያን ቁመቱን ይዞ በገዛ ቤቱ አጎንብሶ ነው የሚሄደው። አባዬ ሲያየው ይስቅና፣ ይኸው በስተርጅና ሰው አክባሪ አደረግከው ይለኝ ነበር።

የኛ ቤት ብቻ ቀረ። ሰፈሩን ሁሉ ሰቅለህ እኛን ጉድጓድ ውስጥ ልትተወን ነው ብሎም ይቀልድብኝ ነበር። ሳቅሁ። ሞኝ!

አንቺ ለቤታችን ወለል ብለሽ ያስጫንሽውን ሲሚንቶ ምን አደረግከው ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ አምነሽኝ ነው። ለመምህሩ ግቢ አዋልኩት። የሱ ሲሚንቶ አልቆ ሥራው እንዳይቆምብኝ ብዬ፣ በኋላ እተካዋለሁ ብዬ። በተረፈው አንድ ከረጢት በራችን ላይ ጉልበት የሚደርስ ደፍ ገነባሁ። ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ። ኮራሁበት እኮ! ጠብታ ውሃ አይገባም አልኩ። አባዬ ያን አልታጠፍ ያለ እግሩን በእጁ እያነሳ፣ የኔን ትከሻ ይዞ ነበር የሚሻገረው። እኔ በሌለሁበት ማንን ይዞ እንደሚሻገር አላሰብኩም።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ከረፋዱ ጀምሮ ዝናቡን ያወርደው ገባ። እማዬ ገበያ ነበረች፤ እኔ የወፍጮ ቤቱን ወለል ሲሚንቶ እያለበስኩ ነበር። ባለወፍጮው፣ ኧረ ሂድና አባትህን እይ አለኝ። ደፍ አለው፣ ምን ይሆናል አልኩት። እህትዓለም፣ ይህን ያልኩት በዚህ አፌ ነው። ሲሚንቶው ሳይደርቅብኝ ልጨርስ ብዬ አንድ ሰዓት ቆየሁ።

ውሃው በበሩ አልመጣም። ከፍ ያደረግኩት የመምህሩ ግቢ ጎርፉን ሁሉ ወደኛ ጓሮ ገፋው፤ ከአባዬ አልጋ ጀርባ ያለው የጭቃ ግድግዳ ተናደ። ጓሮው ከወለላችን ከፍ ስለሚል የገባው ውሃ መውጫው በሩ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ደፌ ያዘው። ቤቱ እንደ ገንዳ ሞላ። ስደርስ ውጪው ቁርጭምጭሚት ነው፣ ውስጡ ከደፉ እኩል። ከጉልበት አያልፍም እኮ፤ ለቆመ ሰው ምንም አይደለም። አባዬ ግን ቆሞ አልነበረም። አንድ እጁ ደፉ ላይ ነበር፤ ሊሻገር ሞክሯል። አወጣሁት፣ ደረቱን ተጫንኩ፣ ጠራሁት፣ ጮህኩ፣ ሰው መጣ፤ አልነቃም። ከዚያ መዶሻ አንስቼ ደፉን መታሁት። በአራተኛው ምት ውሃው ወጥቶ አለቀ። አራት ምት ብቻ ነበር የፈለገው።

እማዬ «ሳትመጣ እንዳትነግራት፣ ሰው አገር ብቻዋን ምን ትሆንብኛለች» ብላ አስምላኛለች። ስለዚህ አልነገርኩሽም። አሁን መሐላዬን አፍርሼ የጻፍኩልሽ በሲሚንቶው ምክንያት ነው። እሷ ስለ ሲሚንቶው አታውቅም። የእግዜር ውሃ ነው፣ ማንን እንወቅሳለን ስትል እሰማለሁ፤ መሬት መሬት እያየሁ አልፋለሁ። ጥፋተኛ ነኝ፤ ለሷ የምናገርበት አቅም አጣሁ።

ትናንት ልብስ ሰፊዋ መጥታ ደፍ ሥራልኝ አለችኝ። የሷም በር ውሃ ያስገባል፣ ምን ታድርግ። ሠራሁላት። ከሥሩ ግን ቀዳዳ ትቼ በእንጨት ወተፍኩት፤ ከውስጥ እንዴት እንደሚነቀል አሳየኋት፤ መርገጫ ደረጃም አበጀሁላት። ጎበዝ፣ ይሄን መላ እስከዛሬ የት ደብቀኸው ብላ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው።

ነይ። የጓሮውን ግድግዳ በድንጋይ ሠርቼዋለሁ። በሩ ላይ ምንም የለም፤ ዘው ብለሽ መግባት ነው። ብትሰድቢኝም ብትመቺኝም እችላለሁ፤ ዝም ብትይኝ ግን አልችልም። መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ወገብሽን ያጽናልሽ፤ ለኔም የሚሆን ልብ አይንሳሽ።

ያመንሽው ታናሽ ወንድምሽ

የጫማው ቁጥር አርባ ሁለት ነበር። አትግዢ።